እማዬ ያላለችው ቃል

በፈረንጆቹ 2014 ስኮትላንድ ውስጥ ስለሆነው ነገር እንደኔ የሚያውቅ ሰው እኔ በምኖርባት የቴክሳስ ከተማ ዩለስ ውስጥ አልነበረም። የኮመንዌልዝ ስፖርት ጨዋታውን፣ ከብሪታንያ እንለይ ወይስ አብረን እንቆይ ብለው የሰጡትን ድምፅ፣ ከዚያ በፊት የተቃጠለውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሳይቀር ተከታትያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ወሬ የምወድ ይመስላቸው ነበር። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፤ ታናሽ እህቴ ግላስጎው ትኖራለች፣ እኔም ከእሷ የደበቅሁት ነገር ነበረኝ።

እናታችን ደሴ ያረፈችው ሐምሌ ላይ፣ ጨዋታው ግላስጎው በተከፈተ ሳምንት ነው። እኔን ሦስት ሰዎች በማለዳ በሬን አንኳኩተው አረዱኝ፤ በወጉ አለቀስኩ። እህቴን ማርዳት ለእኔ ተተወ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እሷ ካለችበት ደግሞ የምልከው ሰው የለኝም። ስለዚህ ራሴ ሄጄ አረዳታለሁ አልኩ። ሥራዬ ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነው። ስንቱን ሰው አውሮፕላኑ በር ድረስ አድርሻለሁ፤ ራሴን ማድረስ ግን አቃተኝ። መጀመሪያ በጨዋታው ምክንያት ትኬት ተወደደ አልኩ፤ ቀጥሎ ድምፅ ሰጥታ ትጨርስ አልኩ፤ ቀጥሎ ፈቃድ የለኝም አልኩ። ሁሉም ሰበብ ነው። ፈርቼ ነበር።

እስከዚያው በየሳምንቱ እደውላለሁ። ወሬው ወደ እማዬ እንዳይዞር ስለ ስኮትላንድ እጠይቃታለሁ፤ እሷም የምኖርበትን አገር ጠየቀልኝ ብላ ደስ እያላት ታወራልኛለች። የእማዬ ስልክ አልሠራ አለኝ ስትለኝ "ኔትወርክ ነው" እላታለሁ። በኔትወርክ የተሳበበን ነገር የትኛው ሐበሻ ይጠራጠራል?

መስከረም ላይ ድምፅ ሰጠች። ዜግነት ካገኘች የመጀመሪያዋ ነበር። የቱን እንደመረጠች ስጠይቃት ሚስጥር ነው ብላ ሳቀችብኝ። ለእማዬ ንገርልኝ አለች። በሳምንቱ ደግሞ፣ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ። የእማዬ አርባ እንኳ ወጥቶ ነበር። ምላሴን ያዝ አላደረገኝም፤ "'እሰይ፣ ልጄ ሰው ሆነች' ብላለች" አልኳት። እህቴ ስልኩ ላይ አለቀሰች። ያን ለቅሶዋን ዛሬም ሳስበው በራሴ አፍራለሁ።

የፈረንጅ ገና ሊደርስ ሲል፣ አንዲት አሮጊት እየገፋሁ ሳለ ግላስጎውን ኤርፖርቱ ቴሌቪዥን ላይ አየሁት። መሀል ከተማ የቆሻሻ መኪና እግረኞች ላይ ወጥቶ ሰው ሞቷል። እህቴ የምትሠራው እዚያው አጠገብ ነው። አሮጊቷን አውሮፕላኑ በር አድርሼ ደወልኩላት። ሦስቴ ጠርቶ ዘጋ። በአራተኛው አነሳችው።

"ደህና ነኝ፣ ወንድም ጋሼ" አለችኝ። "እማዬ ከሌላ ሰው ሰምታ እንዳትደነግጥ፣ አሁኑኑ ደውልላት።"

ባዶው ዊልቸር ላይ ተቀመጥኩና በስልክ አይነገርም የሚባለውን በስልክ ነገርኳት። መቼ ብላ ስትጠይቀኝ ወሩን አልደበቅኋትም። ለቅሶዋን ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። በልቧ ወራቱን ወደ ኋላ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ።

"ታዲያ 'ልጄ ሰው ሆነች' ያለው ማን ነው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።