ጠበል የጠጣችው ሞተር

ያችን አሮጌ ሞተር ብስክሌት ባለቤቴ የገዛት ደብረ ታቦር ካለ አንድ መካኒክ ነው። ጣሊያን ጥሏት የሄደች ናት ይባል ነበር፤ ቀለሟ ከዝገቷ አይለይም። እስቴ ከተማ ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን፤ እኔ አገሬ ሐረር ነው፣ በዚያ ምድር ከሱ በቀር ዘመድ የለኝም። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ መልበሴ ከንክኖኝ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው፣ «በቅሎ ላይ ስትቀመጪስ ማን ጠየቀሽ?» ብለው ገላገሉኝ።

አንድ በጋ ባለቤቴን ሆዱን አሞት ስለጠናበት በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰዱት። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነጋዴ መልእክት ይዞ መጣ፦ «ነገ ከሰዓት ኦፕራሲዮን ሊያደርጉት ነው። ከዚያ በፊት ዓይኗን ልየው ብሏል።»

በማግስቱ ማለዳ ቤንዚን ሞላሁና ነጠላዬን ለማምጣት ቤት ገባሁ። ስመለስ የንስሐ አባቴ የጠበል ቅላቸውን ይዘው ሞተሯ አጠገብ ቆመዋል።

«ባርኬልሻለሁ፤ እስከ ሆዷ ድረስ። በሰላም ግቢ ልጄ።»

ከፍቼው የሄድኩትን የቤንዚን ክዳን ራሳቸው ገጥመውታል። መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ከተማውን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ ሞተሯ ታስላ ጀመር። ከአንድ አውድማ አጠገብ ስትደርስ ጭራሽ ቀጥ አለች። ብረግጣት፣ ብረግጣት፣ ዝም። «እስከ ሆዷ ድረስ» ያሉት ያኔ ትዝ አለኝና ክው አልኩ። ለካ ጠበሉን ቤንዚኑ ውስጥ ጨምረውታል!

ውሃ ከቤንዚን በታች እንደሚተኛ ባለቤቴ ነግሮኛል። ቱቦውን ነቅዬ ማፍሰስ ነው። ግን ጠበል እግር በሚረግጠው መሬት እንዴት ይደፋል? ፀሐዩ ከፍ እያለ ነው፤ እሱ በሩን በሩን እያየ ይሆናል። በጣሳ ቀዳሁትና ጣሳዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

በሬዎቹን እያበራየ የነበረ ሽማግሌ ገበሬ መንሹን ይዞ መጣ።

«ምን ሆነችብሽ እሜቴ?»

«ጠበል ጠጥታ ነው፣ አባቴ።»

«ታዲያ በቅሎዬን ላውስሽ? እሷ ጠበልም ጠጥታ ትሄዳለች!»

እንባዬ መምጣቱን ሲያይ ሳቁን ተወ። «እግር የማይረግጠው ቦታ ይኖር ይሆን?» ብዬ ስጠይቀው ከአውድማው በላይ ካለ ገደል አፍ ላይ የተሰነጠቀ ቋጥኝ አሳየኝ።

«እዚያ ፍየል እንኳ አይወጣም። ነይ፣ እጄን ያዢ።»

ወጣን፤ ስንጥቁ ውስጥ አፈሰስኩት፤ አማተብኩ። ወርጄ ቱቦውን መልሼ ብረግጣት ጥቂት አንገራገረችና ተነሣች። በሬዎቹ ደንብረው ሲበተኑ ሽማግሌው፣ «ሂጂ! ሂጂ! እኔ እመልሳቸዋለሁ!» እያለ በመንሹ ያጣድፈኝ ጀመር።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ስገባ ባለቤቴ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አጥሚት ይዞ ይነጫነጫል።

«ኦፕራሲዮኑስ?»

«ቀረ። ሐኪሙ ማለዳ ዳሶኝ እብጠቱ ጎድሏል፣ አያስፈልግም አለ። አንቺ ግን ምን ሆነሽ ነው? አቧራ ብቻ ሆነሻል!»

አጠገቡ ዝርፍጥ አልኩ።

«ይልቅ ይህን ቅመሽልኝ፤ ጨው የለውም ብላቸው አላመኑኝም» አለና አጥሚቱን ሰጠኝ።

ተቀብዬ ጨለጥኩት። ጨው ይኑረው አይኑረው ዛሬም አላውቅም።