እናቴ ከሽቦው ሥር የተቀመጠች ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ እስራኤል አገር አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቴት በሚባል ሰፈር ከምንኖርበት ሕንፃ ጀርባ የከፍተኛ ኃይል ሽቦ የተሸከሙ ትልልቅ የመብራት ምሰሶዎች ተደርድረው ነበር። ከባሕር ጉም በገባ ጧት ሽቦው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። እኛ ልጆች ጨው ጨው በሚሸተው አየር ምሰሶውን ጎል አድርገን ኳስ እንጫወት ነበር፤ ፍርሃት የሚባል አናውቅም።

አሥር ዓመቴ ላይ የታናሽ ወንድሜን ጋን፣ መዋለ ሕፃናቱን ማለቴ ነው፣ እዚያው ሽቦ ሥር ወደተሠራ አዲስ ቤት ሊያዛውሩት ነው ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሽቦው ካንሰር ያመጣል እያለ ያንሾካሹክ ጀመር። አባቴ፣ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አገሩን ገና አላወቅነውም" ብሎ ሊያስተዋት ሞከረ። እናቴ ግን "ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" አለችውና በማግስቱ ከፋብሪካ ሥራዋ ቀርታ እጄን ይዛ ወጣች። ከቤታችን ዕብራይስጥ የምችለው እኔ ነበርኩ።

ከአራት እናቶች ጋር የአዲሱን ጋን በር ዘግታ ተቀመጠች። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ መጣና፣ "ጉዳት እንዳለው አልተረጋገጠም በያት" አለኝ። ነገርኳት።

"እንደማይጎዳስ ተረጋግጧል? በይው።"

አፈርኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ "ትንሽ ፈርታ ነው፤ ይቅርታ ትላለች" አልኩት። ሰውዬው ፈገግ ሲል እናቴ ነቃችብኝ።

"ምን ብለሽው ነው የሚስቀው? እኔ አልለመንኩትም! ያልኩትን እንዳለ ንገሪው። የእሱ ልጅ የት እንደሚውልም ጠይቂው።"

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሰውዬው ፈገግታው ጠፋ፤ ወደ መኪናው ተመልሶ ሄደ።

ሁለት ሳምንት በፈረቃ ተቀመጡ። የሩሲያና የሞሮኮ ጎረቤቶቻችንም ወንበራቸውን ይዘው መጡ። በመጨረሻ ጋኑ ሌላ ቦታ ተከፈተ። እናቴ በመቅረቷ ከሥራ ተባረረች፤ አንድም ቀን ስትጸጸት አላየኋትም።

ዛሬ እኔም ሁለት ልጆች አሉኝ። ሽቦው ይጎዳል አይጎዳም፣ ቁርጡን እስካሁን አላውቅም። ያኔ ቋንቋ የሌላቸው እናቶች በር ይዘጉ ነበር፤ ቋንቋው የሚፈስልን እኛ ግን ስልካችን ላይ አማርረን እንተኛለን። እናቴ ጉልበቷን እያመማት አሁንም ለሰፈሩ ስብሰባ ቀድማ ትደርሳለች። በተሰባበረ ዕብራይስጧ ራሷ ትናገራለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አንዲት ቃሏን ለማረም አልደፍርም።