የጋሽ መዝገቡ ስም ማስታወቂያው ላይ

ዓለም ባንክ ሰፈር ውስጥ አከራይና ተከራይ በተጣሉ ቁጥር የሚጠሩት ጋሽ መዝገቡ ነበሩ። ዘንድሮ ግን ፀሎት የምትባል ወጣት ጠበቃ ቤቴል ሰፈር፣ በአንድ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለነጋዴዎች ድርድር ማስተማር ጀመረችና የሳቸውን በር የሚያንኳኳ ጠፋ። ቅናት አላስቀምጥ ቢላቸው አንድ ቅዳሜ ሄደው ከኋላ ተቀመጡ። «በሷ ዕድሜ እኔ ስንቱን አስታርቄ ነበር» አሉ በሆዳቸው።

ፀሎት ፍርድ ቤት ያየችውን ጉዳይ ለሁለት ተማሪዎች ሰጠች፤ አከራይ የሱቅ ኪራይ እጥፍ ጨምሯል፣ ተከራይ አልወጣም ብሏል።

«በሉ ተደራደሩ» አለቻቸው።

«መጀመሪያ ሽማግሌ ይግባ እንጂ» አለ አንዱ። አዳራሹ ሁሉ ወደ ጋሽ መዝገቡ ዞረ።

ጋሽ መዝገቡ ሁለቱን ለየብቻ ጥግ ወስደው የሚፈሩትን ጠየቁ። አከራዩ ሱቁ ባዶ እንዳይቀርበት፣ ተከራዩ ደንበኞቹን እንዳያጣ ይፈራል። ኪራዩ በግማሽ ብቻ እንዲጨምር፣ ተከራዩም እንዲቆይ አድርገው ወዲያው አስማሟቸው።

ፀሎት የሳቸውን አካሄድ ስትጽፍ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ለምን አብረን አናስተምርም?» አለቻቸው።

«የትምህርቱ ማስታወቂያ ላይ ስሜ ከወጣ።»

«ከስሜ ሥር አደርገዋለሁ።»

«ከጎን ነው እንጂ።»

«እሺ ጋሼ፣ ከጎን።»

ደስ ብሏቸው ታክሲ ገቡ። ታክሲው ሳይሞላ ግን የማን ስም እንደሚቀድም አለመነጋገራቸው ትዝ አላቸውና ወርደው ተመለሱ።