የገመዱ ክታብ

ልጄ ዛሬ ደህና ናት፤ እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ላሊበላ ከተማ ባንድ ማረፊያ ቤት ጓዳ እየኖርሁ ክፍሎቹን ሳጸዳ የሰባት ወር ልጄን ትኩሳት ያዛት። ባንድ እንግዳ የኮምፒውተር ገመድ ላይ ጥቁር እብጥ ያለ ነገር አየሁ፤ በቆዳ የተሰፋ ክታብ መሰለኝ። «የተማረ ሰው ለገመዱ እንኳ ክታብ ካሰረ፣ ለልጄማ!» አልሁ። ብከፍተው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ሰርቄ አንገቷ ላይ አሰርሁት።

እንግዳው እንዳያይብኝ ሦስት ቀን ጓዳ ደበቅኋት። በመጨረሻ ለቅሶዋን ሰምቶ ገባና ድንጋዩን አየው።

«ጌታዬ፣ ይማሩኝ! ለልጄ ብዬ ነው።»

«እህቴ፣ ይህ ከብረት ዝገት የተሠራ ሸክላ ነው። በገመዱ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ረብሻ እንጂ የልጅ ትኩሳት አያበርድም» ብሎ ሳቀ። ግንባሯን ሲዳስስ ግን ሳቁ ጠፋ።

«ምነው ሳትነግሪኝ? እኔ እኮ የሕፃናት ሐኪም ነኝ።»