ክዳኑን ገጥሞ የሚያነሳው ሰው

የዲላው ፎቶ አንሺ ፈለቀ አመሻሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ወደ ኮንጋ በሚወስደው መንገድ ዳር ቆሞ ሲያይ በቅናት ነደደ። የሰውዬው ካሜራ በፕላስተር የተጠገነ አሮጌ ነው። በጨለማ ያነሳው የሞተር ብስክሌቶች የመብራት መስመር ግን ዘንድሮ የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ካላንደር ላይ ወጥቷል፤ አንዲት ነጥብ የለበትም። ፈለቀ በአዲሱ ካሜራው ሌንሱን አራት ደቂቃ ከፍቶ ያነሳውን ፎቶ ግን «ይሄማ ኩፍኝ ወጥቶበታል» ብለው መልሰውለታል፤ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ወርሶታል።

ሰውዬው አንድ ፎቶ እንደጨረሰ የሌንሱን ክዳን ገጠመ፤ ባርኔጣውን አወለቀና እንደገና ቁልፉን ተጫነ።

«ጋሼ፣ ክዳኑን ረሱት እኮ!» አለ ፈለቀ ደስ ብሎት።

«አልረሳሁም ልጄ። ካሜራ ብዙ ደቂቃ ሲከፈት ይሞቅና ከራሱ ነጥብ ያወጣል። ክዳኑን ገጥሜ ያንኑ ያህል ደቂቃ ሳነሳው ነጥቡን ብቻውን አገኘዋለሁ፤ ኋላ በኮምፒውተር ከፎቶው ላይ እቀንሰዋለሁ።»

አራቱን ደቂቃ ራሱን ገልጦ፣ ቀብር ላይ እንዳለ ሰው ቆመ። ሲያበቃ ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ።

ፈለቀ ከዓይኑ እስኪሰወር ጠበቀ። አራት ደቂቃ አነሳ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ እንደገና ቁልፉን ተጫነ። ቆቡንም አወለቀ፤ ባርኔጣ የሚወልቀው ለምን እንደሆነ ግን ሳይጠይቅ ቀርቷል።