የረድዋንን ምላስ የቆሼው አያቱ ቀድመውኝ አዩት

ዛሬ የልጅ ልጄ ረድዋን በተወለደ በሃያ አንድ ቀኑ እናቱን ሳያስለቅስ ጠባ። አልሐምዱሊላህ! እኔ ግን ቅናት ሊገድለኝ ነው።

ምራቴ ሰሚራ ጡቷ ቆስሎ፣ ልጁም ኪሎ አልጨምር ብሎ ቤታችን ጭንቅ ነበር። የቆርቆሮ ወተት ልንጀምርለት ነበር።

ትናንት አባቷ ሐጂ ከድር ከቆሼ ከተማ እኛ ጋ ቡታጅራ ድረስ ሊጠይቁ መጡ። ገና ሲያቅፉት ልጁ አፉን ከፍቶ ጮኸባቸው። (እሰይ አልኩ፤ አልዋሻችሁም።)

ሐጂ ግን አፉን አይተው «ይሄ ልጅ ምላሱ ከስር ታስሯል፤ ለሐኪም አሳዩት» አሉ።

ዛሬ ወሰድነው። ሐኪሟ መጀመሪያ የሰሚራን አስተቃቀፍ አስተካከለች፤ ሕመሙ ግን አልተዋትም።

«ምላሱ የታሰረ ሁሉ አይቆረጥም፤ ብዙው እንዲሁ ይጠባል። ለዚህ ግን ብንሞክረው ይሻላል» ብላ ምላሱን ከስር ያሰረችውን ክር መሳይ ቀጭን ሥጋ በመቀስ ቆረጠቻት። ትንሽ አለቀሰና ጡቱን ጎረሰ። ሰሚራ «አሁን አያምም» አለች። ኪሎው በሳምንቱ ይመዘናል።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ የሰሚራ ወሬ ሁሉ «አባዬ ባይመጣ ኖሮ» ሆነ።

«እኔስ? ሃያ ቀን ሙሉ ያቀፍኩት!» አልኳት።

«አባባ፣ እርስዎ ሲያቅፉት አያለቅስማ! ምላሱ በምን ይታይ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅ ማባበል በመቻሌ ተበለጥኩ እኮ!

የእናንተስ? የምላሱ ክር የተቆረጠለት ልጅ ካላችሁ ለመጥባት ረዳው ወይስ ያው ነው? ጻፉልኝ። ብቻ «ሐጂ ጎበዝ ናቸው» የሚለኝን ሰው ብሎክ አደርገዋለሁ!