ኦዜላ ወንድሟን የጠራች ጊዜ

ኦዜላ ፕሩዊት ፀጉር ሠሪ ነበረች። እኔ በሱቋ ሁለተኛው ወንበር ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ባል፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ ስለ ፓስተራችን ስብከት መርዘም፣ ያላወራነው አልነበረም። ወንድም እንደነበራት ግን ትንፍሽ ብላልኝ አታውቅም።

ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ጥቁር ታዳጊ የገደለው ሰው በነፃ የተለቀቀ ጊዜ፣ ካሊፎርኒያ የምትኖር አንዲት ሴት ለወገኖቿ የፍቅር ቃል ጽፋ ነበር። ከዚያ ከጓደኞቿ ጋር «የጥቁር ሰው ሕይወት ዋጋ አለው» የሚለውን አባባል አሰራጩት። እኛም ሱቅ ደረሰ። ኦዜላን አልጣማትም።

«ዋጋ እንዳለኝ እግዜር ነግሮኛል» አለች። «አሁን ማንን ልለምን ነው?»

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነሐሴ ላይ፣ እዚሁ አጠገባችን ፈርጉሰን ውስጥ አንድ ወጣት በፖሊስ ተገደለ። ሬሳው ለሰዓታት አስፋልት ላይ ቆየ። ሰፈሩ ሁሉ አደባባይ ወጣ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ልንከፍት ስንመጣ፣ ሻርዴ የምትባል የጎረቤት ልጅ ዓይኗ ቀልቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«ሚስ ኦዜላ፣ ጭሱ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። እናቴ ትራሴን አትነኪም ብላኛለች።»

«ልክ ብላለች። ግቢ።»

ኦዜላ የልጅቷን አንገት ወደ ኋላ አስደግፋ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባት ጀመር።

«ይኼን ሹሩባ ማነው የሠራሽ?»

«የአክስቴ ልጅ።»

«ትጠላሻለች እንዴ?»

ሻርዴ ስትስቅ ውሃው አፍንጫዋ ገባ። ኦዜላ በፎጣ ጠረገችላትና ቀስ ብላ ጠየቀቻት፦

«እንዲያው ለመሆኑ፣ እዚያ የምትጮኹት ማንን ለመለመን ነው?»

«ልመና አይደለም» አለች ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች። «አስፋልት ላይ የወደቀው ልጅ ሰው ነበር፤ ስም አለው፣ የሚወደው አለው ነው የምንለው። የሌላው ሕይወት አይቆጠርም አላልንም። የኛም ይቆጠር ነው። ደግሞ ለፖሊሶቹ ብቻ አይደለም፤ እርስ በርሳችንም የምንባባለው ነገር ነው። አንዳንዴ ሰው ራሱም ይረሳዋል።»

የኦዜላ እጅ ቆመ። ውሃው እየፈሰሰ ነው።

«ወንድም ነበረኝ» አለች። «ታዲየስ። ከብዙ ዓመት በፊት ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። መታወቂያ ላውጣ ብሎ እጁን ኪሱ ሲከት ተኩሶ ገደለው። መሣሪያ መስሎኝ ነው አለ፤ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ቀረ። እማዬ የቀረነውንም ልጆቿን እንዳይነጥቋት ፈራች። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሙ አልተነሳም።»

ሻርዴ እጇን ዘርግታ የኦዜላን ርጥብ እጅ ያዘች። «ሰልፉ ላይ የሞቱትን ስንጠራ የሱንም ስም እንጥራው?»

«እማዬን ሳልጠይቅ አይሆንም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አብሬያት ሄድኩ። እናቷ ሚስ ሎሪን በረንዳ ላይ ነበሩ። ኦዜላ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ቁርጭምጭሚታቸውን ቅባት ትቀባ ጀመር። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«እማዬ፣ የታዲየስን ስም ጽፌ ከልጆቹ ጋር ልወጣ ነበር።»

እኔ እንኳ ምነው ባልመጣሁ አልኩ።

«ስንት ዓመቴ ነው አሁን?» አሉ ሚስ ሎሪን።

«ዘጠና አንድ።»

«እንግዲህ ምን ያደርጉኛል?» አሉ፤ የኦዜላን ራስ በመዳፋቸው እየዳሰሱ። «ጻፊው። ቴዲ እንዳትዪ ግን። እንደዚያ የሚሉት የሰፈር ጎረምሶች ናቸው። እኔ ያወጣሁለት ሙሉ ስሙን ነው።»

ኦዜላ ሙሉ ስሙን በካርቶን ላይ ጽፋ ወጣች። ኦዜላ ጉልበቷን ሲያማት የምትቀመጥበትን ታጣፊ ወንበር ሻርዴ ተሸክማ ከጎኗ ሄደች። የሟቾች ስም ሲጠራ የኦዜላ ተራ ደርሶ «ታዲየስ ፕሩዊት» አለች። ከኋላዋ ያለው ሕዝብም ተቀብሎ ደገመላት። የማያውቁት ሰዎች ስሙን ሲጠሩ ስትሰማ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ከሰልፉ ጋር ሄደች።

የወንድሟን ጉዳይ እንደገና ያየው አልተገኘም። የተኮሰው ሰውም ከሞተ ቆይቷል። ሚስ ሎሪን ግን ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ስለ ታዲየስ ማውራት ጀመሩ። ያን ያህል ቁመት ይዞ እንቁራሪት ይፈራ እንደነበር፣ ዝናብ ከዘነበ ትንሿ እህቱ ቀድማ መንገዱን ካላየችለት ከበረንዳው እንደማይወርድ።

ኦዜላ ረስታው ኖሯል። «እኔ ነበርኩ እኮ የማባርርለት» አለች፤ ሁለቱም እየሳቁ እንባቸው ወረደ። እኔ ጣፋጩን ፓይ ልቁረጥ ብዬ ብቻቸውን ትቻቸው ወደ ጓዳ ገባሁ።